የሻነን ሞዴል የቡና ላይ ዱዓን ይገልጻል?

ጥያቄ፣ ከደሴ፦
አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው የተግባቦት ሞዴል መሠረት፣ መልእክት ከላኪ ተነሥቶ፣ በመስመር አልፎ፣ ከሁካታ ጋር እየታገለ ተቀባዩ ዘንድ ይደርሳል። እኛ ቤት ግን ቡና ሲፈላ አባባ ዱዓ ሲያደርጉ፣ ቤተሰቡ በየሐረጉ «አሚን» እያለ ይቀበላል። ታዲያ ላኪው ማን ነው?

መልስ 1፦
ሻነን የስልክ ኩባንያ የምርምር ተቋም በሆነው በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ የጨነቀው ምልክት ሳይበላሽ መድረሱ እንጂ ትርጉሙ አልነበረም፤ ይህንንም ራሱ በግልጽ ጽፏል። ሞዴሉን ላልተሠራበት ጉዳይ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

መልስ 2፦
ለጥያቄዎ የሚቀርበው የተግባቦት ምሁሩ ዲን ባርንለንድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው ሞዴል ነው፤ በእሱ አስተሳሰብ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጊዜ ላኪም ተቀባይም ሆነው ትርጉሙን አብረው ይፈጥራሉ። «አሚን» ሲደምቅ አባባ ዱዓውን ያስረዝሙ ይሆናል፤ ሲቀዘቅዝም ያሳጥራሉ። ቡና የምታፈላዋስ ብትሆን? አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ለቶናው ሲኒ ስትደረድር፣ «ይብቃ» ማለቷን የማይረዳ የለም።

ጠያቂው፦
ሲኒውን አላሰብኩትም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግን ለሻነን እፈርዳለሁ፤ ከበሩ አጠገብ የተቀመጥነው «አሚን» የምንለው የሌሎቹን ከንፈር አይተን ነው።