የወርኃ ጽጌ ዕቅድ፦ ለሰበካ ጉባኤ ከመግባቱ በፊት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ዕቅዱ ዓርብ ይገባል። ዋናው የሁለቱ ከበሮዎች ቆዳ ነው፤ ክረምቱ ጨርሷቸዋል። ቀጥሎ የሌሊቱ መብራት፣ ከዚያ የማኅሌተኞቹ መስተንግዶ። ጽጌ፣ በየእሑዱ ሌሊት ማኅሌት የሚቆምበት የአበባ ወቅት፣ መስከረም 26 ገብቶ ኅዳር 5 ይወጣል። ያልተስማማ አሁን ይናገር፣ እንደ አምናው ከገባ በኋላ አይሆንም።

ሒሳብ ያዥ፦ አምና 5 እሑድ ተብሎ ተበጅቶ 6 ሆነ። ጉድለቱን ማን እንደሸፈነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መስከረም 26 ሰኞ ወይም ማክሰኞ ከዋለ 5 ነው፣ በሌላ ዕለት ከዋለ 6። 60 ሰው በ2 እንጀራ 120፤ አንዲት እሑድ ተሳሳተች ማለት 120 እንጀራ ከኪስ ነው።

ከመዘምራን፦ ቆዳው ለእንቁጣጣሽ ከሚታረድ በሬ ይያዝ። እንደተገፈፈ ጨው ይነስነስበት፣ አለዚያ ይበላሻል። ከመወጠሩ በፊት ግን ጨዉ ሙልጭ ብሎ ይታጠብ፤ ጨው የቀረበት ቆዳ እርጥበት ይስብና ጭጋግ በመጣ ቁጥር ይላላል። ርሶ ሳለ በጠፍር ይወጠራል፣ ጥላ ሥር ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ከተጣደ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ሳይደርቅ ከተመታም ይረግባል። ኅዳር 6 ቁስቋም ስንወጣ፣ በእቴጌ ምንትዋብ ደብር፣ ጆንያ የሚመታ የሚመስል ከበሮ ይዘን አንቁም።

የአዘዞው አባል፦ ቆዳውን ለእኔ ተዉት። የማውቀው ሉካንዳ አለ።

ዕቃ ቤት፦ መስተንግዶው ላይ «የፕላስቲክ ኩባያ 400» የሚለውን ማን አስገባው? ጣሳ እኮ 70 አለ።

ሴቶች ክፍል፦ እኔ ነኝ። 70 ጣሳ ማን ያጥባል? ውኃ በፈረቃ ነው፣ ፈረቃው ደግሞ እሑድን አይመርጥም።

ከወጣቶች፦ ፕላስቲኩ ትኩስ ሻይ ሲገባበት ይልፈሰፈሳል። ባዶውን ደግሞ ነፋስ ቅጥሩን ሁሉ ያዞረዋል፣ ለቃሚውም እኛው ነን።

መሪጌታ፦ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ላደረ ሊቅ ጠላ በፕላስቲክ አይሰጥም።

ሴቶች ክፍል፦ የኔታ፣ ጣሳዎቹን አይተዋቸዋል? ግማሹ ስፌቱ ዝጓል፣ ጠላው ብረት ብረት ይላል።

ዕቃ ቤት፦ የዛገው 11 ነው፣ ግማሽ አይደለም።

ከመዘምራን፦ የሸክላ ዋንጫ ቢገዛስ?

ሴቶች ክፍል፦ ሸክላ ጠላውን ይመጠዋል። ወዲያው ካልታጠበና ካልታጠነ በሁለተኛው ሳምንት ይኮመጥጣል። ጓዳ ገብቶ የማያውቅ ስለ ዋንጫ አያውራ!

ከመዘምራን፦ አሁን ይሄ ስድብ ምንድን ነው? ስለ ከበሮ ስናወራ ማን ገባብን?

መሪጌታ፦ ተዉ እናንተ። በጽጌ ዋዜማ ስለ ጣሳ!

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ጠላው ራሱ ይቅደም። ጥንስሱ እስከ መስከረም 12 ካልተጣለ ለመጀመሪያው እሑድ አይደርስም። ሻይም ሌሊት አይዞርም፤ ቀዳሹና ቆራቢው ምንም አይቀምሱም። ከቅዳሴ በኋላ ብቻ።

ሴቶች ክፍል፦ እሺ፣ ፕላስቲኩ ይውጣ። ግን ውኃ ይቅረብልኝ። ለ59ኙ ጣሳ ለማጠቢያና ለማለቅለቂያ ቢያንስ 3 ጀሪካን እፈልጋለሁ። ሳህኑ ሳይቆጠር።

ከወጣቶች፦ በየሳምንቱ ጀሪካን ከመሸከም ሮቶ፣ የውኃ ማጠራቀሚያው፣ ይገዛ። ፈረቃው በመጣ ቀን ይሞላል፣ ለጠበልተኛውም ይሆናል።

ሒሳብ ያዥ፦ ሮቶ በዕቅዱ የለም።

ከወጣቶች፦ ኩባያም አልነበረም።

ከመዘምራን፦ ቆዳው ምን ደረሰ? የአዘዞው ስልክ አያነሣም። እንቁጣጣሽ እኮ አለፈ።

ዕቃ ቤት፦ ትናንት አራዳ ገበያ አይቼዋለሁ፣ በሌላ መንገድ ታጠፈ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ አሁን ቆዳ ቢገኝም ለመጀመሪያው ሌሊት መድረሱ ያጠራጥራል። ለጊዜው ያሉት ከበሮዎች ከማኅሌቱ በፊት እሳት አጠገብ ይሙቁ፣ ግን ራቅ ተደርገው። ረቂቁን እንዲህ አስተካክያለሁ፦ 1ኛ ሮቶ፣ ባለ 1000 ሊትር። 2ኛ በዛጉት ምትክ 11 ጣሳ። 3ኛ መብራት። ከበሮው «እንደ ሁኔታው» ተብሎ ገብቷል።

ከመዘምራን፦ እንደ ሁኔታው?!

ዕቃ ቤት፦ የሞላ ሮቶ 1 ቶን ነው። ክረምት የጠጣ አፈር ላይ ካስቀመጣችሁት ይዘምማል፣ የቧንቧው መጋጠሚያም ይሰነጠቃል። የድንጋይና የሲሚንቶ መደብ ይሠራለት፣ ቁመቱ ከ60 ሳንቲም አይነስ፤ ካነሰ ጀሪካን ከቧንቧው ሥር አይገባም።

ሒሳብ ያዥ፦ የሲሚንቶው ከየትኛው ይቀነስ?

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ከከበሮው።