ዚንክ ኦክሳይዱ ክሩሲብሉ (የማቃጠያው ዕቃ) ላይ ተጣብቆ ቀረ፣ ኤክስአርዲው ላይም 29.4 ዲግሪ ላይ እንግዳ ፒክ (ጫፍ) አለ

ጠያቂ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት እየሠራሁ ነው። 5.95 ግራም ዚንክ ናይትሬት ሄክሳሃይድሬት በ100 ሚሊ ሊትር፣ 1.6 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በሌላ 100 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ አሟሟሁና ሁለተኛውን በመጀመሪያው ላይ ጠብታ በጠብታ ጨመርኩ። ማንዋሉ እንደሚለው 90 ዲግሪ ላይ 2 ሰዓት አማሰልኩ። ዲስቲልዱ ስላለቀ አንዴ በሱ፣ ሁለቴ በቧንቧ ውሃ አጠብኩ። 80 ላይ አድሮ 450 ላይ ለ2 ሰዓት ፈርነስ (ምድጃ) ገባ። የወጣው ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት ነው፣ ፍቄ ነው ያነሳሁት፤ 2.1 ግራም። ኤክስአርዲው (ክሪስታሉን በኤክስሬይ የሚለየው ማሽን) ላይ የዚንክ ኦክሳይድ ፒኮች 31.8፣ 34.4 እና 36.3 አሉ፤ 29.4 ላይ ግን ትርፍ ፒክ አለ። በሼረር ቀመር (ከፒኩ ወርድ የክሪስታሉን መጠን የሚያሰላው) 52 ናኖሜትር ወጣ፤ የጠበቅኩት 20 አካባቢ ነበር።

መልስ 1፦
አብሽር፣ ሚዛኑ ቀድሞ ነግሮሃል። የወሰድከው ዚንክ 0.02 ሞል ነው፤ ሙሉ በሙሉ ቢቀየር እንኳ ዚንክ ኦክሳይዱ ከ1.63 ግራም አያልፍም። ግማሽ ግራም የሚጠጋው ሌላ ነገር ነው፤ ሶዲየም ናይትሬት ሳይሆን አይቀርም። ዋናው ፒኩ 29.4 ላይ ነው። 308 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ 450 ላይ ፈሳሽ ሆኖ ቅንጣቶቹን ያያይዛል፣ ያሳድጋል። ቅርፊቱም 52ቱም የመጡት ከዚያ ነው። ዝቃጩን ሳትበትን ከላዩ ውሃ አፍስሰህ ከደፋህ ታጠበ አይባልም፤ በየዙሩ እንደ አብሽ በደንብ ምታው።

መልስ 2 (ኮምቦልቻ)፦
ልክ ነው፣ ግን አትቸኩሉ። የካልሳይትም (የካልሲየም ካርቦኔት ክሪስታል) ዋና ፒክ እዚያው 29.4 ላይ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ካልሲየምና ባይካርቦኔት ይዞ ይገባል፣ 450 ላይም ካልሳይት አይፈርስም። መለያው ቀላል ነው፦ 0.5 ግራም ፈጭተህ በዲስቲልድ ውሃ እጠብ፣ አድርቀህ መዝን። ናይትሬቱ ይሟሟል፣ ካልሳይት ግን ይቀራል። በአሲድ ልሞክር እንዳትል፣ ዚንክ ኦክሳይዱም አብሮ ይሄዳል።
ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ መሆኑንም አትርሳ። 90 ላይ ክፍቱን ካማሰልከው ሊፈላ ምንም አልቀረውም፣ ውሃው ይተንና ይወፍራል። በዎች ግላስ (ጎድጎድ ባለ የመስታወት ክዳን) ክደነው ወይም 70 ላይ ሥራው።

ጠያቂ፦
0.5 የነበረው ታጥቦ ደርቆ 0.39 ሆነ። አዲስ ዙርም ጀምሬያለሁ፤ ግን አራተኛው እጥበት ላይ ውሃው ወተት መሰለ፣ አልዘቅጥም አለ። ልድፋው?

መልስ 1፦
የጠፋው 0.11 ግራም የሚሟሟው ናይትሬት ነው። ወተቱን ግን እንዳትደፋው! ወተት የመሰለው ምርትህ ነው። ጨው ሲያልቅ ቅንጣቶቹ በቻርጃቸው ስለሚገፋፉ ተንሳፍፈው ይቀራሉ። እኩል ኤታኖል ጨምረህ በሴንትሪፉጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ በሚያዘቅጠው ማሽን) በደቂቃ 4000 ዙር 10 ደቂቃ አዙረው። የመጨረሻው እጥበት በኤታኖል ቢሆን ሲደርቅም ብዙ አይጓጎልም። ኮንዳክቲቪቲ ሜትር (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን የሚለካ) ካለ የእጥበቱ ውሃ ከዲስቲልዱ ጋር ሲቀራረብ አቁም።

መልስ 2፦
የሼረሩን ስሌትም እየው። 52 ካገኘህ 36.3 ላይ የፒኩ ወርድ 0.16 ዲግሪ ግድም ነው ማለት ነው። ከዚህ የማሽኑ ራሱ ወርድ መቀነስ አለበት፣ በሲሊከን ስታንዳርድ (ማመሳከሪያ ናሙና) የሚለካው። እሱ 0.10 ቢሆን ካሬያቸውን ቀንሰህ ስሩን ስትወስድ 0.125 ይቀራል፤ መጠኑ ወደ 67 ናኖሜትር ይወጣል። ወርዱን ወደ ራዲያን ቀይር፣ ኮሳይኑ ውስጥ የሚገባው ደግሞ የ36.3 ግማሽ ነው። ኤስኢኤም (የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ) ላይ ከዚያ የገዘፈ ብታይ አትደንግጥ፤ ሼረር የሚለካው ክሪስታሉን እንጂ ተጓጉሎ የተጠራቀመውን አይደለም።