ከዝላይ ውድድር የወጣች ባዝራ ልንወስድ ነው፤ ምን እንጠይቅ?

የእንጅባራው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ ላውደን ካውንቲ ነው። ልጄ 14 ዓመቷ ነው፤ ፈረስ መጋለብ ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆናት። እዚህ አካባቢ ባለቤቶቻቸው በስጦታ የሚሰጧቸውን የውድድር ፈረሶች ተቀብሎ ለሚንከባከቧቸው ሰዎች የሚያስረክብ በጎ አድራጎት ድርጅት አለ። አንዲት የ16 ዓመት ዳማ ባዝራ አየንና የልጄ ልብ እዚያው ቀረ። የፊት ኮቴዋ ውስጥ ያለችው ትንሽ አጥንት፣ ናቪኩላር የሚሏት፣ ስለታመመች መዝለል ተከልክላለች። ቀለል ያለ ግልቢያ ግን ትችላለች ተብሏል። የሚጠይቁት 900 ዶላር ብቻ ነው።

እኔ እንጅባራ ነው ያደግሁት። ጥር 23 ሲደርስ አያቴ ፈረሱን ሲያስጌጥ ልጓሙን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ፈረስ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ውሉ ነው። አሥራ አንድ ገጽ! መሸጥ አይቻልም፣ ማስወለድ አይቻልም፣ በየዓመቱ የሐኪም ወረቀት ይላካል ይላል። ባለቤቴ «የሰው ፈረስ ልንቀልብ ነው?» ትለኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ባልደራሷ፦
ወንድሜ፣ ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ባለ ድርጅት ጋጣ መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ውሉን አትፍራው። አሜሪካ ውስጥ የመጨረሻዎቹ የፈረስ ማረጃዎች የተዘጉት በ2007 ነው። ከጨረታ ተገዝተው ለእርድ ወደ ሜክሲኮና ካናዳ የሚጫኑ ፈረሶች ግን አሁንም አሉ። መሸጥ የተከለከለው እዚያ እንዳትደርስ ነው። አንተ አጥብቀህ የምትፈልገው አንድ መስመር ነው፤ ካቃታችሁ መልሰው ይቀበሏታል ወይ? በስንት ቀን? ይህ በጽሑፍ ከሌለ አትፈርም።

900ው አያታልልህ። 500 ኪሎ የምትመዝን ፈረስ በቀን ወደ 10 ኪሎ ድርቆሽ ትበላለች። ኮቴዋ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይከረከማል። የእሷ ዓይነት ሕመም ያለባት ደግሞ ልዩ ናል (የኮቴ ብረት) ልትፈልግ ትችላለች። የኮቴዋን ራጅ ጠይቅና የራስህ ሐኪም ይየው።

ልታዩአት ስትሄዱ ከቀጠሮው ቀደም በሉ። ተጋልቦ የደከመ ፈረስ ሁሉ ጨዋ ነው። ከመስክ ስትያዝ፣ ኮርቻ ሲጫንባት እዩአት። ደረቅ መሬት ላይ በሶምሶማ ያስሩጧት። ጭንቅላቷን ከፍ ዝቅ ካደረገች አንድ እግሯን እያመማት ነው።

ደግሞ ብቻዋን እንዳታሳድሯት። ባለፈው መኸር አንድ ፈረስ መጣልን፤ ዕድሜውን በጋጣ ያሳለፈ። መስኩን ከፍተን ለቀቅነው። እስኪመሽ በሩ ላይ ቆመ፣ ፊቱን ወደ ጋጣው አዙሮ። በማግስቱ አንዲት አሮጊት ባዝራ አጠገቡ አሰማራን። ወደ እኩለ ቀን ላይ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሣር ነጨ። ቆሜ አለቀስኩ።

ዴንቨር ያለሁት፦
እኛ ከሰጪዎቹ ወገን ነን። ልጃችን ኮሌጅ ስትገባ ፈረሷን ለአንድ ድርጅት ሰጠን። ከ5,000 ዶላር በላይ ከታክስ ለማስቀነስ የገለልተኛ ገማች ወረቀት ይጠየቃል። በዚያ ስንዋከብ ዋናውን ሳንጠይቅ ቀረን። በስምንተኛ ወሩ ስንደውል ሸጠውታል። ለማን እንደሆነ አልነገሩንም። ልጄ እስከ ዛሬ የስልኳ ፎቶ እሱ ነው። እባክህ፣ የቀድሞ ባለቤቷን ማግኘት ከቻልክ ፎቶ ላክላቸው።

የእንጅባራው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀድመን ደረስን። እውነትም ገና መስክ ላይ ነበረች። ልጄ ስትጠራት ራሷ መጣች። አስፋልቱ ላይ ስትሮጥ ስታጥፍ ትንሽ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ራጁን ያየው ሐኪማችን ግን ቀለል ያለ ግልቢያ አይጎዳትም አለን። የመመለሻው ነገር ገጽ 7 ላይ አለ፤ 14 ቀን። ፈረምን።

ልጄ ስሟን ልትቀይር ፈልጋ ነበር። እኔ እንቢ አልኳት። በእኛ አገር ሰው ነው በፈረሱ የሚጠራው፤ ምኒልክን አባ ዳኘው ያሰኛቸው ፈረሳቸው ነው አልኳት። ገባት።

አሁን ከሁለት ሽማግሌ ፈረሶች ጋር ናት። የለመደችውን ድርቆሽ ከአዲሱ ጋር እያቀላቀልን ነው፤ ሆዷን እንዳያማት በ10 ቀን ቀስ ብለን እንቀይራለን። ለቀድሞ ባለቤቷ በድርጅቱ በኩል ፎቶ ልከናል። ማታውኑ መለሱልን፤ ካሮት ስትበላ ቆራርጡላት፣ ሙሉውን ያንቃታል ብለው።