ልጄ ከኢንፌክሽን አልላቀቅ አለ፣ ምን ይመርመር?

ጥያቄ፦ እናት ከጅሬን፣ ጅማ

ወገኖቼ፣ ግራ ቢገባኝ ነው የምጽፈው። ወንድ ልጄ ሁለት ዓመት አልፎታል። እስከ ስድስት ሰባት ወሩ ጉንፋን እንኳ አያውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጆሮው ይመግላል፣ ይደርቃል፣ ተመልሶ ይመግላል። በዚህ ዓመት ብቻ ሁለቴ በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኝቷል። ኪሎ አይጨምርም። ኤችአይቪ የለበትም፣ ቲቢም የለም ተብሏል። ታላቅ እህቱ ደህና ናት። ሰሞኑን አንድ ሐኪም «በዘር የሚመጣ የበሽታ መከላከል አቅም ችግር ሊሆን ይችላል» አለኝ። ምን ማለት ነው? ከየት ልጀምር? ጎረቤቶቼ ደግሞ እንጥሉን አስቆርጪለት እያሉ አስጨንቀውኛል።

መልስ፦ የሕፃናት ነርስ

እህቴ፣ አይዞሽ። መጀመሪያ የእንጥሉን ነገር እንጨርስ። በፍጹም እንዳታስቆርጪው። ለጆሮውም ለሳንባውም አይጠቅምም። ሊደማ ይችላል፣ ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል። መከላከል አቅሙ ደካማ ከሆነማ አደጋው ይብሳል።

ሐኪሙ የጠረጠረው አንድ በሽታ አይደለም። በዘር የሚተላለፉ የዚህ ዓይነት ችግሮች ከ450 በላይ ናቸው። አንዱ ፀረ እንግዳ አካል (ጀርምን የሚዋጋውን የደም ፕሮቲን) ማምረት አለመቻል ነው፤ ሌላው የነጭ ደም ሴሎች ጀርሙን ውጠው መግደል ሲያቅታቸው ነው። ደጋግሞ የሚታመም ልጅ ሁሉ ይህ አለበት ማለት ግን አይደለም። የምግብ እጥረት፣ አስም፣ የልብ ችግርም እንዲህ ያደርጋሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ ሳንባ ምች፣ የማያባራ የጆሮ መግል፣ ኪሎ አለመጨመር አንድ ላይ ሲመጡ ግን ዝም ብሎ ሽሮፕ እየቀያየሩ መቀጠል ልክ አይደለም።

ከጻፍሽው ሁሉ እኔን የያዘኝ «እስከ ስድስት ሰባት ወሩ ደህና ነበር» ያልሽው ነው። ሕፃን ሲወለድ ከእናቱ ያገኘውን ፀረ እንግዳ አካል ይዞ ነው። ያ በመጀመሪያዎቹ ወራት እየቀነሰ ይሄዳል። የራሱን የማያመርት ልጅ መታመም የሚጀምረው ያኔ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ በአንቺ በእናትሽ ወገን በሕፃንነታቸው የሞቱ ወንዶች አሉ?

መልስ፦ ላብራቶሪ ውስጥ የምሠራ

በቀላሉ ከሚገኘው ጀምሪ። ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ከነዝርዝሩ ይሠራለት፤ የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት፣ ማለትም የሁለቱ የነጭ ደም ሴል ዓይነቶች፣ ቁጥር ለየብቻው ይታይ። ውጤቱ ደህና ቢሆን ግን «ምንም የለበትም» ብለሽ እንዳትመለሺ። ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ቢ ሴሎች ከሊምፎሳይቶች አነስተኛ ክፍል ናቸው። እነሱ ባይኖሩም ጠቅላላ ቁጥሩ ደህና መስሎ ሊወጣ ይችላል።

ብዙዎች የሚያልፉት ሌላ ርካሽ ፍንጭ አለ። ቶታል ፕሮቲንና አልቡሚን የሚባሉትን የደም ፕሮቲን ምርመራዎች አሠሪ። ከቶታል ፕሮቲኑ አልቡሚኑ ሲቀነስ የሚቀረው ግሎቡሊን ነው። እሱ በጣም ካነሰ ፀረ እንግዳ አካል እንደጎደለ ያስጠረጥራል። ማረጋገጫው የኢሚዩኖግሎቡሊን፣ ማለትም የፀረ እንግዳ አካሉ የራሱ፣ መጠን ነው፤ አይጂጂ፣ አይጂኤ፣ አይጂኤም ይባላሉ። የሚነጻጸረውም ከእድሜው ጋር እንጂ ከአዋቂ መጠን ጋር አይደለም። ደም ወይም ፕላዝማ ሊሰጠው ከሆነ ናሙናው አስቀድሞ ይወሰድ፤ አለበለዚያ የለጋሹን ፀረ እንግዳ አካል ነው የምንለካው።

ደግሞ ኤችአይቪው በየትኛው ምርመራ እንደታየ ጠይቂ። ተራው ምርመራ የሚፈልገው ፀረ እንግዳ አካልን ነው። ልጁ እሱን የማያመርት ከሆነ ውጤቱ ሊያሳስት ስለሚችል ቫይረሱን ራሱን በሚፈልገው በፒሲአር ማረጋገጥ ይሻላል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴን ጠየቅኋት። ወንድሜ ሳይራመድ ነው የሞተው፤ እሱም ሳንባ ምች ነበር። የአክስቴ ልጅም በሕፃንነቱ አርፏል፣ ወንድ ነው። እኛ ግን ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋባነው። እንዴት የዘር በሽታ ይመጣል? የባለቤቴ ዘመዶች በእኔ ማመካኘት ጀምረዋል።

መልስ፦ ሕፃናት ሐኪም

እህቴ፣ ይህን ታሪክ ጽፈሽ ለሐኪሙ ስጪው። ከብዙ ምርመራ ይበልጣል።

ሰባት ቤት መቁጠር የሚጠቅመው በሽታው ከአባትም ከእናትም ጂን ሲፈልግ ነው። አንዳንዱ ግን በኤክስ ክሮሞዞም (ጂኖችን ከሚሸከሙት አንዱ) ላይ ይመጣል። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል። ወንድ ያለው አንድ ነው፣ እሱም ከእናቱ የመጣው። ስለዚህ ዘመድ ባይጋባም፣ እናትየዋ ፍጹም ጤነኛ ሆና፣ ወንዶቹ ብቻ ይታመማሉ። ኦግደን ብሩተን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1952 እ.ኤ.አ. የገለጸው፣ ፀረ እንግዳ አካል የማይመረትበት በሽታ እንዲህ ያለ ነው። ምክንያቱ ቢቲኬ የሚባለው ጂን መሆኑ የታወቀው በ1993 ነው። የአንቺ ልጅ ይህ ነው አልልም፤ ሳይመረመር አይባልም። እንዲያው ቶንሲሉ መኖር አለመኖሩ ይታይ፤ በዚህ በሽታ ቶንሲል በጣም ትንሽ ነው ወይም የለም።

ጥፋት ግን የለብሽም። ማንም ጂኑን መርጦ አያወርስም። ባልሽን ይዘሽው ሐኪም ጋ ሂጂና ከሐኪሙ አፍ ይስማ።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሕፃናት ክፍል ሂጂ። የመውጫ ወረቀቶቹን፣ የራጅ ፊልሞቹን፣ የክትባት ካርዱን ሁሉ ያዢ። እዚያ የማይሠራ ካለ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ያጽፉልሻል። ከመሄድሽ በፊት የትኛው ምርመራ የት እንደሚሠራ አስደውለሽ አጣሪ። የአንዳንዱ ምርመራ ደም ትኩስ መሆን ስላለበት ናሙና ከመላክ ልጁን መውሰድ ይሻላል።

መልስ፦ አባት ከአጋሮ

የእኔም ልጅ ፀረ እንግዳ አካል አያመርትም። ሕክምናው ኢሚዩኖግሎቡሊን ነው፤ በየሦስት አራት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጣል፣ ዕድሜ ልክ ነው። አልዋሽሽም፣ ውድ ነው፤ ማግኘቱም ያደክማል። ሲጠፋ ሐኪሙ በሚያዘው የመከላከያ አንቲባዮቲክ እንጠብቀዋለን። ልጄ ግን ዛሬ ትምህርት ቤት ይውላል። ስም ያልወጣለት በሽታ ነበር የገደለን።

ጠያቂዋ

እንባዬን አመጣኸው ወንድሜ። ሰኞ እንሄዳለን። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ታናሽ እህቴ ነፍሰ ጡር ናት። ለእሷም ያሰጋል?

መልስ፦ ሕፃናት ሐኪም

ጂኑን ተሸክማ ሊሆን ይችላል። ከተሸከመች እያንዳንዱ ወንድ ልጇ የመታመም ዕድሉ ግማሽ ነው። ከመውለዷ በፊት የቤተሰቡን ታሪክ ለሐኪሟ ትንገር። ወንድ ከተወለደ ቢሲጂ (የቲቢ ክትባት) እና በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት ከመሰጠታቸው በፊት ሐኪም ይወስን፤ ሁለቱም ሕይወት ያላቸው የተዳከሙ ጀርሞች ናቸው። ሌሎቹን ክትባቶች በራሷ እንዳታስቀር። የልጅሽ ውጤት ሲመጣ ቅጂውን ለእሷም ስጫት።