ሰብ-ቢቱሚነስ ከሰል ለሲሚንቶ እቶን፦ ስንት ቶን ይተካል? ወፍጮውስ ይችለዋል?

እቶን_3000 (ጥያቄ)
ሰላም ወገኖች። በቀን 3,000 ቶን ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነውን የተቃጠለ ድንጋይ) ለሚያወጣ እቶን ከቢቱሚነስ ወደ ሰብ-ቢቱሚነስ (ደረጃው ዝቅ ያለ፣ ውሃ የሚበዛበት) የድንጋይ ከሰል መቀየር ታስቧል። ያለው ከሰል በደረሰበት ሁኔታ 6,000 ኪሎካሎሪ በኪሎ፣ እርጥበቱ 10 በመቶ ነው። የአዲሱ ወረቀት «5,500፣ በአየር የደረቀ» ይላል፤ የናሙናው እርጥበት 12፣ ጠቅላላ እርጥበት 28፣ አመድ 5፣ ሰልፈር 0.4 በመቶ። 6,000 ለ5,500 ሲካፈል 1.09 ስለሆነ፣ 9 በመቶ ብቻ ጨምሮ መመገብ ይበቃል? የከሰል ወፍጮው መውጫ ሙቀት እንደ ድሮው 75 ዲግሪ ይሁን? የሦስት ወር ክምችት ሜዳ ላይ ቢቀመጥስ?

ካሎሪሜትር
9 በመቶ አይበቃም። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ መለኪያ አልተጻፉም። 5,500 የተለካው ናሙናው ደርቆ 12 በመቶ ውሃ ሲቀረው ነው፤ መኪና የሚያራግፍላችሁ ግን 28 በመቶ ውሃ ያለበትን ነው። ስለዚህ 5,500 × 72 ÷ 88 = 4,500።

ይህም ገና ጠቅላላው የሙቀት መጠን ነው። ውሃው ሲተን ይዞት የሚሄደው ሙቀት ይቀነሳል፦ 5.85 × (9 × ሃይድሮጅን + እርጥበት)። ሃይድሮጅኑን 3.5 በመቶ ብትይዙ 348 ይቀነስና የተጣራው 4,150 ገደማ ይሆናል። የድሮው በዚሁ ስሌት፣ በ4.5 በመቶ ሃይድሮጅን፣ 5,705 ይመጣል። ለአንድ ኪሎ ክሊንከር 800 ኪሎካሎሪ ከተያዘ በቀን 420 ቶን የነበረው 578 ይሆናል፤ የ37 በመቶ ጭማሪ ማለት ነው። ወፍጮው በእቶኑ ጭስ የሚደርቅ ከሆነ አብዛኛው ውሃ እዚያው ስለሚቀር ጭማሪው ወደ 34 በመቶ ይወርዳል። ውሉ ላይ «በደረሰበት ሁኔታ፣ የተጣራ» የሚል ቃል ሳይገባ አትፈርሙ።

የወፍጮ ተረኛ
ከቶኑ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ውሃው ነው። የድሮውን ከ10 ወደ 1.5 በመቶ ለማድረቅ ከአንድ ቶን 86 ኪሎ ውሃ ይወጣል። አዲሱን ከ28 ወደ 8 ለማውረድ 217 ኪሎ። በቀን ሲሰላ ከ36 ቶን ወደ 120 ቶን ገደማ ነው። መጀመሪያ የሚያጥራችሁ የወፍጮው ጉልበት ሳይሆን ትኩስ ጋዙ ነው፤ ቀጥሎም የጭስ ማራገቢያው።

ከ8 በመቶ በታች አታድርቁት። ከመጠን በላይ የደረቀ ሰብ-ቢቱሚነስ ከአየር እርጥበት መልሶ ሲጠጣ ራሱ ይሞቃል፤ ሳይሎ ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ የለውም። መውጫውን ወደ 60–65 ዲግሪ ዝቅ አድርጉ። ሆኖም ጋዙ በእንፋሎት ስለሚሞላ ከረጢት ማጣሪያው ላይ ጤዛ እንዳይሠራ ሽፋኑን ፈትሹ። ማድረቂያ ጋዙን ከፕሪሂተሩ (ጥሬ ዕቃውን በእቶኑ ጭስ ቀድሞ ከሚያሞቀው ክፍል) ውሰዱ እንጂ ከክሊንከር ማቀዝቀዣው አትውሰዱ፤ ያኛው ኦክስጅኑ ያልተነካ ንጹሕ አየር ነው። ኦክስጅን ከ12 በመቶ በታች ይሁን። ከሰሉን ከድሮው ይበልጥ ማላም አያስፈልግም፤ በ90 ማይክሮን ወንፊት ላይ የሚቀረው የተናኙን (ከሰሉ ሲሞቅ በጋዝ መልክ የሚወጣውን ክፍል) ግማሽ ያህል ቢሆን ይበቃል፤ ተናኙ 38 ከሆነ 19 በመቶ።

እርጥብ ከሰል መጋቢው አፍ ላይ ይጣበቃል። ከሰሉ ሲቋረጥ የሚተነው ውሃ ስለሌለ የወፍጮው ሙቀት በአፍታ ይዘላል፤ አደጋውም ያኔ ነው። የመቋረጥ ምልክት ሰጪው ትኩስ ጋዙን በራሱ እንዲዘጋ ይታሰር። ወፍጮ ቆሞ ውስጡ ፍም ካለ በሩን አትክፈቱ፤ መጀመሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም ናይትሮጅን ይገባበት።

ክምር ጠባቂ
ሦስት ወር አይሆንም። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት የሚበቃ ብቻ ይኑራችሁ፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ከማጓጓዣ ጫፍ ወርዶ እንደ ሾጣጣ የተቆለለ ክምር መጥፎ ነው፤ ትልልቁ ድንጋይ ተንከባሎ ግርጌውን ይከብና አየር የሚስብ ጭስ ማውጫ ይሆናል። በ30–50 ሳንቲሜትር ንብርብር አንጥፉት፤ እያንዳንዱን በዶዘር ርገጡት፤ ጎኑንም አለዝቡት። የሙቀት ዘንግ ጎኑ ላይ ሰክታችሁ በየቀኑ አንብቡ፤ 55 ዲግሪ ካለፈ ያንን ክፍል ቆርሳችሁ አውጡና በስሱ አንጥፉት። ማለዳ ከክምሩ ትከሻ ላይ ቀጭን እንፋሎት ከተነሳ፣ ላምባ የሚመስል ሽታም ከመጣ፣ ዘንጉን አትጠብቁ። ውሃ መርጨት አይበጅም፤ ውሃው መንገድ ከፍቶ አየር ያስገባል፣ እርጥበቱም ሙቀት ይጨምራል።

እቶን_3000
እጅግ አመሰግናለሁ። የተረፈውን ለኮክ (ለብረት ማቅለጫ የሚሆን፣ ያለ አየር የተጋገረ ጠንካራ ከሰል) የሚገዛ ይኖራል?

ካሎሪሜትር
አይኖርም። ሲሞቅ አይለሰልስም፣ አይጣበቅም፤ ዱቄትና ቅንጥብጣቢ ሆኖ ይቀራል። ዋናው ተጠቃሚ ኃይል ማመንጫ ነው። የዋዮሚንግ ፓውደር ሪቨር ከሰል በአብዛኛው የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ ሰልፈሩ ጥቂት ስለሆነ ተፈላጊ ነው፣ አመዱ ግን ካልሲየም ስለሚበዛበት ቦይለር ቱቦ ላይ ይጋገራል። ፍሙ ቶሎ ስለሚነድ ለጋዝ ማምረቻና በሚሽከረከር እቶን ለሚሠራ ስፖንጅ ብረትም (ማዕድኑ ሳይቀልጥ ለሚገኝ ብረት) ይስማማል።

ለእናንተ አንድ ነገር ልጨምር። ሰልፈሩ ከድሮው ካነሰ በክሊንከሩ ያለውን አልካሊ (ሶዲየምና ፖታሲየም) ወደ ሰልፌት የሚያስረው ይቀንሳል። የክሊንከሩን ሰልፌት ለክተው ጂፕሰሙን ያስተካክሉ፤ አመዱም ስለተቀየረ የጥሬ ዕቃውን የኖራ ሙሌት (ኖራው ከሌሎቹ ኦክሳይዶች ጋር ያለውን ምጣኔ) ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እንደገና ያስሉ።