ለፋሲካ ሌሊት ልጅ ያዥልን ተባልኩ፣ ስንት ልጠይቅ? (ባሕር ዳር)

የፔዳዋ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ቀበሌ 14 አንድ ቤት ልጅ አስጠናለሁ። ባልና ሚስቱ የዘንድሮ ፋሲካ (ሚያዝያ 4) ሌሊት ጊዮርጊስ ሊያስቀድሱ ነው፣ ከቅዳሜ ማታ 1 ሰዓት ጀምሮ እስክንመለስ ልጆቹን ያዥልን አሉኝ። የማስጠናው ልጅ 7 ዓመቱ ነው፣ እህቱ 9 ወሯ ነው ጡጦ ትወስዳለች። ቤተሰቦቼ ወልዲያ ስለሆኑ በዓሉን እዚሁ ዶርም ነው የማሳልፈው፣ ግን እኔም ማስቀደስ እፈልግ ነበር። ስንት ይባላል እንደዚህ ዓይነት ነገር? ልቀበል ወይስ ይቅርብኝ? «የምትፈልጊውን ንገሪን» ብለውኛል፣ እሱ ነው የከበደኝ።

እናት_14፦ የኔ እናት ተቀበይ። ዶርም ብቻሽን ከምታድሪ ሰው ቤት ይሻላል፣ ሲነጋ አብረሽ ትገድፊያለሽ። 500 ብር በቂ ነው። ጥሩ ሰዎች ከሆኑ እነሱ ራሳቸው ይጨምሩልሻል።

ሽምብጥ፦ 500 ለሙሉ ሌሊት? ለሁለት ልጅ? አንዷ ገና ጡጦ ላይ ያለች? እህቴ አትስሚያቸው። ለማስጠናት በሰዓት ስንት ነው የሚከፍሉሽ? እሱን ይዘሽ አስዪው፣ ሌሊት ከቀን አያንስም።

ጣና_ዳር፦ የእኔ ልጆች ድባንቄ ያለው የሕፃናት ማቆያ ነው የሚውሉት፣ እንደዛ ንጹሕ ቤት ባሕር ዳር ውስጥ የለም። ሞግዚቶቹ ሰልጥነው የገቡ ናቸው፣ ምግቡም በሰዓቱ ነው። ለሰዎቹ እሱን ጠቁሚያቸው።

ሽምብጥ፦ @ጣና_ዳር ማቆያው ማታ 12 ሰዓት ይዘጋል አይደል? ለበዓልም አይሠራም።

ጣና_ዳር፦ ይዝጋ። እንደሱ የለም ነው ያልኩት።

የአባይ_ማዶዋ፦ እህቴ እኔን ስሚኝ። አምና ለገና ሌሊት እንዲሁ ልጅ ያዥ ተብዬ ነው የሄድኩት። ስደርስ ድስቱ ከሰል ላይ ተጥዷል፣ ሽንኩርቱ ገና ውሃውን እየጨረሰ ነው፣ ሴትየዋ ነጠላዋን እየደረበች ማማሰያውን እጄ ላይ አስቀምጣ «እንዳይዝብሽ ብቻ» ብላኝ ወጣች። በአንድ እጄ ሕፃን አዝዬ በሌላው ወጥ ሳማስል አደርኩ። እሱስ ይሁን፣ ወደ 7 ሰዓት ገደማ ትልቁ ልጅ ትኩሳት ጀመረው። ብደውል የሁለቱም ስልክ ዝግ ነው። ቤቱ ውስጥ የት ምን እንዳለ አላውቅ፣ ሰውነቱ እንደ እሳት ሲፋጅ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግኩ ጎረቤት እንዳልቀሰቅስ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ነው። 9 ሰዓት እንመጣለን ያሉት ከዛው ዘመድ ቤት ሄደው ጠዋት 3 ሰዓት ገቡ። 200 ብርና አንድ ሳህን ወጥ። ዋጋ ቀድሜ ስላልተነጋገርኩ ምንም ማለት አልቻልኩም። ልጁ ግን ዳነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

እናት_14፦ ውይ የኔ ልጅ። ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስልክ ይከፈት ነው የምትሉት? ቅዳሴ መሀል ሲጮህ ምን ይመስላል?

ቀበሌ_11፦ ማን ይጩህ አለ፣ ሳይለንት አድርጎ ኪስ ውስጥ መያዝ ይቻላል። ልጅ ቤት ትቶ የመጣ ሰው ስልክ ማጥፋት የለበትም።

እናት_14፦ እኛ አራት ልጅ ስናሳድግ ስልክም አልነበረም።

ቀበሌ_11፦ እማማ ያኔ አያትም አክስትም ቤት ውስጥ ነበሩ እኮ። አሁን ባልና ሚስት ብቻ ናቸው፣ ለዛ ነው ተማሪ የሚለምኑት።

ፖሊ_ግቢ፦ ሽንኩርቱን ግን ከቀኑ ጀምሮ ቢያቁላሉት እኮ እስከ ማታ ያልቅ ነበር። ለፋሲካ የምታበስሉ ሰዎች አርብ ልጣችሁ ቅዳሜ ጠዋት ጣዱት፣ ቀይ ሽንኩርት እንደሆነ ጊዜ ይፈልጋል። በነገራችን ላይ ዶሮ ገንጥላ አጥባ የምታስረክብ ሴት የሚያውቅ አለ? አምና የያዝኳት አገሯ ገብታለች።

ግሽ_ዓባይ፦ @ፖሊ_ግቢ አለች፣ በውስጥ መስመር አናግረኝ። ዶሮውን ቀድመህ ግዛ ግን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ገበያው አይቀመስም።

ነጭ_ጋውን፦ ሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፣ ትኩሳት የሚለውን ሳነብ ነው መጻፍ የፈለግኩት። ለጠያቂዋ፦ ከመውጣታቸው በፊት የልጆቹን ኪሎ ጠይቂያቸው። ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ የሚሰጠው በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ በላይ አይሰጥም። በግምት በማንኪያ አትስጪ፣ ጠርሙሱ ላይ ስንት ሚሊግራም በስንት ሚሊሊትር እንደሆነ አንብቢ፣ ከወላጆቹ ጋር ሆናችሁ ስንት ሚሊሊትር እንደሚሆን ወረቀት ላይ ጻፉት። እና ባሕር ዳር ውስጥ ትኩሳት ሲባል ወባም ይታሰባል፣ ትኩሳቱ ቢወርድም ልጁ መመርመር አለበት። ሕፃኗ ጡጦ እምቢ ካለች፣ ከደከመች፣ ካንቀጠቀጣት ወላጅ አትጠብቂ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ሌላው ከሰል። በሩ ተዘግቶ ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ ልጅ አታስተኚ፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ወጡ የግድ ከሰል ላይ ከሆነ ውጭ ይሁን።

የአባይ_ማዶዋ፦ @ነጭ_ጋውን እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ያን ሌሊት እንዳንቺ ያለ ሰው አጥቼ ነው።

ሕግ_4ኛ፦ ዋጋውን እኔ ላስላላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለትርፍ ሰዓት ከሌሊቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 መደበኛውን በ1.75 ያባዛል፣ የሕዝብ በዓል ከሆነ በ2.5። የቤት ውስጥ አገልግሎት እዚህ አዋጅ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ከስሼ አስከፍላለሁ አትበዪ፣ ግን ለመነጋገር መነሻ ይሆናል። በሰዓት 80 ብር ብንል፣ ከ1 እስከ 4 ሰዓት 240፣ ከ4 እስከ 6 በሌሊቱ ሒሳብ 280፣ ከ6 እስከ 10 ፋሲካ ስለገባ በበዓሉ ሒሳብ 800። ድምሩ 1,320።

ሽምብጥ፦ ይኸው። 1,300 በያት፣ ትራንስፖርት ለብቻ።

እናት_14፦ ለጎረቤት ልጅ 1,320 ብር? ኧረ ነውር ነው። በዓል እኮ ነው።

ቀበሌ_11፦ ጎረቤት አይደለችም፣ ተማሪ ናት። የራሷን ቅዳሴ ትታ ነው የምታድረው። ይሄን ሁሉ ዘርዝረን ነርስም ሁኚ ወጥ ሠሪም ሁኚ ዘበኛም ሁኚ ካልናት በኋላ 500 ብር የምንላት ከሆነ አንድ ዶሮ እንኳን የማይገዛ ብር ነው የሰጠናት።

ዘንዘልማ፦ እኛ ሰፈር ብር የሚባል ነገር የለም። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ የጎረቤቴ ልጆች ለፋሲካም ለገናም እኔ ጋ ነው የሚያድሩት፣ ለኢድ እሷ የእኔን ትይዛለች። ሰዎቹ እንዲህ ዓይነት ጎረቤት ካላቸው እሱን ይጠይቁ፣ ልጅቷም ታስቀድስ። ከሌላቸው ግን ይክፈሉ፣ በሐቋ መከፈሏ ምንም ነውር የለበትም።

የፔዳዋ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሚመለሱበትን ሰዓት እናትየዋን ጠየቅኳት፣ «9 ሰዓት ካልሆነም 10 ሰዓት» አለችኝ። ስለ ወጥ ምንም አላለችም። እስኪነጋ እዛው ልቆይ ወይስ ዶርም ልመለስ? ባጃጅ በዛ ሰዓት ይገኛል?

ሹፌር_ነኝ፦ አይገኝም። የባጃጅ ሹፌር ነኝ፣ ለፋሲካ ሌሊት እኛም ቤተ ክርስቲያን ነን። ቢገኝም በዛ ሰዓት ብቻሽን አትውጪ። ወይ እዛው አድረሽ ጠዋት ሂጂ፣ ወይ አባትየው ግቢው በር ድረስ ያድርስሽ፣ ግን በሩ በዛ ሰዓት መከፈቱን ጥበቃዎቹን ቀድመሽ ጠይቂ። እዛው የምታድሪ ከሆነ የት እንደምትተኚ ከአሁኑ ይነገርሽ፣ ሳሎን ሶፋ ላይ ሰው እየገባ እየወጣ እንቅልፍ የለም።

የአባይ_ማዶዋ፦ እኔ የምልሽ፣ ሳትሄጂ በቴክስት ጻፊላት። «ከ1 እስከ 10 ሰዓት ይሄን ያህል፣ ከዛ ካለፈ በሰዓት ይሄን ያህል፣ ልጅ ብቻ ነው የምይዘው፣ አንዳችሁ ስልክ ክፍት ይሁን» በይ። ደግ ሰው ከሆነች አይከፋትም፣ ከከፋትም አሁን ብታውቂው ይሻልሻል። ግማሹን ቀድማ በቴሌብር ትላክልሽ።

እናት_14፦ እሺ በቃ፣ 800 ይሁንና ጠዋት ገድፋ ትሂድ።

ጣና_ዳር፦ እኔ አሁንም ማቆያው ነው የምለው፣ ሞግዚቶቹን ለማታ በግል ብታናግሯቸው ይመጣሉ።

ሽምብጥ፦ @የፔዳዋ ምን ወሰንሽ?

ፖሊ_ግቢ፦ @ግሽ_ዓባይ ሴትየዋን አገኘኋት፣ ቅዳሜ ጠዋት ልትመጣ ተስማምተናል፣ በጣም አመሰግናለሁ።

ቀበሌ_7፦ ሰላም፣ ለዳግማይ ትንሣኤ የእህቴ ሠርግ ነው፣ አዳራሹ ውስጥ የ2 ዓመት ልጄን ይዛ እስከ ማታ 3 ሰዓት የምትቆይ ሰው እፈልጋለሁ። ምሳና እራት በእኛ ነው፣ ስንት ልክፈል?