ጥቆማ፦ ለአራት ሰው ቤተሰብ የመጀመሪያ ትንሽ አውሮፕላን የቱ ይሻላል?

አዲስ አብራሪ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የግል አብራሪነት ፈቃዴን ካወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። እስካሁን 130 ሰዓት በርሬአለሁ፤ አብዛኛው በሴስና 172 ነው። እኔ 88 ኪሎ ነኝ፣ ባለቤቴ 70፣ ልጆቹ 45 እና 34። ሻንጣችን ከ35 ኪሎ አያልፍም። የምንሄደው ብዙ ጊዜ 450 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ዓይኔ ያረፈው ሦስት ላይ ነው፦ ሴስና 172፣ ሴስና 182 እና ፓይፐር አርቸር። ሁሉም ያገለገሉ ናቸው። ቤተሰብ ይዞ የበረረ ሰው ቢመክረኝ ደስ ይለኛል።

ባለ 182፦
182 ውሰድ። እኔ በ172 ጀምሬ በሁለተኛው ዓመት ሸጥኩት። ሁለት ጊዜ መግዛት ለምን? 230 የፈረስ ጉልበት አለው። በሞቃት ቀን፣ ከፍታ ላይ ካለ ማረፊያ አራት ሰው ጭነህ ስትነሳ ልዩነቱ ይገባሃል።

ሚዛን፦
ቆይ፣ መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራው። 172 ኤስ የሚባለው የ172 ዓይነት ሲነሳ ከ1157 ኪሎ መብለጥ የለበትም። ባዶውን 755 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ለሰው፣ ለሻንጣና ለነዳጅ የሚቀረው 400 ኪሎ ያህል ነው። እናንተ ከነሻንጣችሁ 272 ናችሁ። ታንከሩ ሲሞላ 200 ሊትር ነው። የአውሮፕላን ቤንዚን በሊትር 0.72 ኪሎ ስለሚመዝን 144 ኪሎ ይሆናል። ድምር 416። አለፈ።

ግን ታንከሩን መሙላት ግዴታ አይደለም። 450 ኪሎ ሜትር በ172 ሁለት ሰዓት ከሩብ ቢወስድ ነው። በሰዓት 34 ሊትር ያዝለት። ለመነሻና ከፍታ ለመያዝ ትንሽ ጨምር፣ የአንድ ሰዓት መጠባበቂያም ጨምር። 120 ሊትር ይበቃሃል፤ 86 ኪሎ ማለት ነው። አሁን 40 ኪሎ ተረፈህ። በ182 ያንኑ መንገድ በ25 ደቂቃ ታሳጥረዋለህ፣ በሰዓት ግን ወደ 50 ሊትር ታቃጥላለህ።

ባዶ ክብደቱን ግን ከእኔ አትውሰድ። የዚያኑ አውሮፕላን የክብደትና ሚዛን ወረቀት አስወጣ። ቀለም ሲደረብ፣ መሣሪያ ሲጨመር ኪሎው ይከብዳል። ልጆቹም ያድጋሉ።

የቸሮኪ ሰው፦
ፓይፐር ቸሮኪ ሲክስ የጠራ ሰው እንዴት ጠፋ? እ.ኤ.አ. በ1965 ገበያ ላይ የወጣ አውሮፕላን ነው። ስድስት ወንበር አለው። በሞተሩና በተሳፋሪው መካከል የሻንጣ ቦታ አለው፤ ከኋላም አለው። ልጆቹ በራሳቸው የኋላ በር ይገባሉ። ጎማው አይታጠፍም፣ ስለዚህ አውጥቼዋለሁ ወይ ብለህ አትጨነቅም። ልጆቼን ያሳደግሁት በሱ ነው። ከሱ ሌላ አልመክርም።

ሚዛን፦
ወንድሜ፣ ጠያቂው አራት ነን ነው ያለው። 130 ሰዓት ለበረረ ሰው ባለ 300 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ ስድስት ወንበር?

የቸሮኪ ሰው፦
ባለ 260ም አለ። በረህበት ታውቃለህ?

ሚዛን፦
አልበረርኩበትም።

የቸሮኪ ሰው፦
እንግዲህ።

የተቃጠለ፦
ስለ ሞዴል መከራከሩን ለጊዜው ተዉትና የእኔን ስሙኝ። እኔም እንደዚሁ ሞዴል ስመርጥ ከርሜ ነው የተቃጠልኩት። የገዛሁት ባለ አራት ወንበር ነበር። ቀለሙ አዲስ፣ ወንበሩ አዲስ ቆዳ። ሞተሩ ከእድሳት በኋላ የሠራው 700 ሰዓት ብቻ ነው። አምራቹ ላይካሚንግ ለዚህ ዓይነቱ ሞተር እስከ 2000 ሰዓት ይላል፣ ገና ብዙ ይቀረዋል ብዬ ደስ አለኝ። ሻጩ የራሱን መካኒክ ጠርቶ አስፈተሸልኝ። እኔም እሺ አልኩ።

ከ25 ሰዓት በረራ በኋላ ዘይት ስንቀይር መካኒኬ ፊልትሮውን ቆርጦ ከፈተው። ወረቀቱን እጥፋት በእጥፋት ዘርግቶ ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀመጠው። እንደ ብርጭቆ ዱቄት የሚያብለጨልጭ ነገር። ማግኔት ሲያስጠጋበት ተነስቶ ተለጠፈ። ብረት ነው። ሁለታችንም ዝም አልን።

ካምሻፍቱ፣ ማለትም የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ፣ ተበልቷል። ለካስ አውሮፕላኑ ከመሸጡ በፊት ስድስት ዓመት ቆሟል። የጥገና መዝገቡ ላይ ተጽፏል እኮ! በስድስት ዓመት ውስጥ 11 ሰዓት። አንብቤው ነበር፤ ትርጉሙ አልገባኝም። ሞተሩ ወርዶ ስምንት ወር ቆየ። ልጆቼ ለዕረፍት ጉዞ ቦርሳቸውን አዘጋጅተው ነበር። ትንሿ ልጄ ለሳምንት ያህል ቦርሳዋን አልፈታም ብላ አስቀመጠችው።

ሃንጋር ውስጥ፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ከባድ ነው። እኔ መካኒክ ነኝ፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ። በላይካሚንግ ካምሻፍቱ ያለው ከሞተሩ በላይኛው በኩል ነው። ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል። ብረቱ ራቁቱን ይቀራል፣ እርጥበት ያገኘዋል፣ ይዝጋል። ከዚያ ሲነሳ የዛገው ይፋቃል። ስለዚህ ትንሽ ሰዓት ማለት ደህና ሞተር ማለት አይደለም። በየሳምንቱ የሚበር 1500 ሰዓት የሠራ ሞተር፣ ቆሞ ከከረመ 700 ይሻለኛል።

ባለ 182፦
ለዚህ ነው 182 ያልኩት። ብዙዎቹ ኮንቲኔንታል ሞተር ነው ያላቸው፣ ካምሻፍቱ ከታች ነው።

ሃንጋር ውስጥ፦
የቆመ ኮንቲኔንታልም ሲሊንደሩ ይዝጋል። ደግሞ 182 ከታየ ከሞተሩ ኋላ ያለው ግድግዳ መታየት አለበት። አፍንጫው ከባድ ነው። ሁለት ሰው ብቻ ፊት ተቀምጦ በፍጥነት ሲያርፍ የፊት ጎማው ቀድሞ ይመታል፣ ግድግዳው ይጨማደዳል። በእጅህ ዳስሰው። ሴስና ከሆነ የወንበሩ ሐዲድም አለ። ወንበሩ የሚቆለፍበት ቀዳዳ ተበልቶ ከሰፋ ልትነሳ ስትል ወንበርህ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ እጅህ መሪውን እንደያዘ ነው። ለዚህ ተብሎ የወጣ የግዴታ ምርመራ አለ።

እናት አብራሪ፦
እኔ ስለ ልጆቹ ልናገር፣ ማንም አላነሳውም። ልጆቼ 172ን የሚወዱት ክንፉ ከላይ ስለሆነ ነው። ታች ያለውን ሁሉ ያያሉ፣ ዝናብ ሲዘንብም ክንፉ ስር ቆመን እንጭናለን። አርቸር በበኩሉ ጥሩ ነው፤ በሩ ግን አንድ ነው፣ በቀኝ በኩል። ልጆቹን ከኋላ ታስገባለህ፣ አንተ ትገባለህ፣ ባለቤትህ መጨረሻ ገብታ በሩን ትዘጋለች። ትንሹ ሽንቴ መጣ ሲል ሁሉም ይወርዳል። ታንከሩንም በየተወሰነ ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ራስህ ነህ የምትቀይረው። 172 ሁለቱንም በአንድ ላይ ይስባል። ከኋላ ልጅ እያለቀሰ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

አንድ ነገር ለምኜሃለሁ። የቱንም ግዛ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ ይኑርህ። ማሞቂያው ሙቀቱን የሚያገኘው ከጭስ ማውጫው ዙሪያ ነው። ጭስ ማውጫው ከተሰነጠቀ ሽታ የሌለው ጋዝ ይገባል። ልጆቹ እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስልሃል።

ፓራሹት፦
እኔ ባለቤቴን ማሳመን የቻልኩት በሲረስ ነው። አውሮፕላኑ ራሱ ፓራሹት አለው፤ እጀታውን ለመሳብ አብራሪ መሆን አያስፈልግም። እሷ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ አንተ ብትታመምስ? መልስ ነበረኝ። ፓራሹቱ በየ10 ዓመቱ እንደገና መታጠፍ አለበት፤ ስትገዙ ቀኑን ጠይቁ።

የቸሮኪ ሰው፦
ሞተር ቢጠፋ ቸሮኪ ሲክስም ሜዳ ላይ ያርፋል።

የተቃጠለ፦
ሁላችሁም ወደ ሞዴል ተመለሳችሁ። ፊልትሮውን ቁረጡ ነው የምለው!

ሃንጋር ውስጥ፦
ልክ ነው። አዲስ አብራሪ፣ ላግዝህ። ሻጩን የማያውቅ፣ ያንን አውሮፕላን ሠርቶት የማያውቅ መካኒክ ያዝ። ከመክፈልህ በፊት የጥገና መዝገቡን በዓመት በዓመት ከፍለህ የተበረረውን ሰዓት ጻፍ። ዜሮ አካባቢ የሆነ ዓመት ካየህ አንድ ሲሊንደር አስወርደህ ካምሻፍቱን በዓይንህ እይ። ሻጩ አይሆንም ካለ ትተኸው ሂድ። ገጾቹን ፎቶ አንስተህ ብትልክልኝ እኔም አብሬህ አነባለሁ።

አዲስ አብራሪ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ሁላችንንም ሚዛን ላይ አወጣሁን። ሰዎቹ እንዳልኩት ነን። ሻንጣው ግን 35 ሳይሆን 52 ወጣ። የታላቁ ልጅ ቦርሳ ሥር ሁለት የእግር ኳስ ጫማና አንድ ኳስ አገኘሁ። የ182ቱንም የአርቸሩንም መዝገብ ጠይቄአለሁ። የአርቸሩ ባለቤት ሙሉውን ልኮልኛል። የ182ቱ የመጨረሻውን ሁለት ዓመት ብቻ ነው የላከው።

ሚዛን፦
52? እንግዲህ 289 ሆናችሁ። ከ120 ሊትር ጋር 375፣ 172ም ገና ይችላል። የኋላው ሻንጣ ቦታ ግን 54 ኪሎ ነው ጣሪያው፤ የሚዛን ማዕከሉንም፣ ማለትም ክብደቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አለማጋደሉን፣ ሥራው። ኳሱን አስተንፍሱት።

ባለ 182፦
የቀረውን መዝገብ በደንብ ጠይቀው፣ ይልክልሃል። 182 ነው የሚሆንህ።

ሃንጋር ውስጥ፦
ካልላከስ?

እናት አብራሪ፦
አዲስ አብራሪ፣ ለ34 ኪሎዋ ልጅ የጆሮ ማዳመጫ ገዝተሃል? የአዋቂው ጭንቅላቷ ላይ አይጠብቅም፣ ድምፁ ያስለቅሳታል። ንገረኝ፣ የልጆቼ አሮጌው አለ።